ጎመን በጤና

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ካፒቶል ሂል፣ ብሮድዌይ ላይ ባለው ሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ አንድ እኩልዮሽ ጻፈ፦ ኤክስ ኩብ፣ ሲቀነስ ኤክስ፣ ሲቀነስ 2፣ እኩል ይሆናል 0። በለመድነው ቀመር አልወጣ አለን። ነርስ ልሆን እንጂ መሐንዲስ ልሆን አልመጣሁም ብዬ ስልኬን ላወጣ ስል “ካላወቃችሁት ገምቱ” አለ።

ግምቱ ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ግራፉን ትስላላችሁ። ኤክስ 1 ሲሆን ውጤቱ −2፣ ከዜሮ በታች ነው። 2 ሲሆን ደግሞ 4፣ ከዜሮ በላይ። መስመሩ ሳይቆረጥ ከታች ወደ ላይ ከወጣ መሐል ላይ የሆነ ቦታ ዜሮን መሻገሩ አይቀርም። ስለዚህ አጋምሱት፦ 1.5። ውጤቱ −0.125 ነው፣ ገና ከታች ናችሁ። እንግዲያው መልሱ ያለው በ1.5 እና በ2 መሐል ነው። እንደገና አጋምሱ። አሥር ጊዜ ካጋመሳችሁ የቀረው ክፍተት ከሺህ አንድ እጅ ያንሳል፤ መልሱም 1.521 ገደማ ሆኖ ይገኛል። አሰልቺ ነው፣ ግን አይከዳም።

የኒውተን ዘዴ ይፈጥናል። ያላችሁበት ነጥብ ላይ ኩርባውን የምትነካ ቀጥታ መስመር ትስላላችሁ፤ መስመሯ ዜሮን የምታቋርጥበት ቦታ ቀጣዩ ግምታችሁ ነው። ከ1.5 ብትነሱ በአንድ እርምጃ 1.5217 ትደርሳላችሁ። ከ0.6 ብትነሱ ግን፣ እዚያ ጋ ግራፉ ለጥ ያለ ስለሆነ፣ በአንዴ ወደ 30.4 ያስፈነጥራችኋል። ክፍሉ ሳቀ። እኔ የእናቴን ደብተር እያሰብኩ ነበር።

እናቴ በልጅነቷ ቶንሲል ልቧን ነክቷታል። እዚህ አሜሪካ መጥታ የልብ ቫልቯ በብረት ተቀየረላት፤ ከዚያ ወዲህ ደም እንዳይረጋባት ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን ትወስዳለች። መድኃኒቱ ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ትደማለች። ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው አይ.ኤን.አር በሚባል ቁጥር ነው፤ የእሷ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ትክክለኛውን መጠን በቅድሚያ የሚነግር ቀመር የለም። ይገመታል፣ ይለካል፣ ይስተካከላል፣ ቀናት ተጠብቆ እንደገና ይለካል። የሒሳብ ክፍላችን ሥራ በሰው ደም ላይ ማለት ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሁለት ዓመት የንስሐ አባቷ እንዳትጾም ከልክለዋት ነበር። በ2017 ግን ተፈቀደላት፣ ደስታዋም ልክ አልነበረውም። ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ። ከዚያ በፊት በሳምንት 35 ሚሊግራም እየወሰደች ቁጥሯ 2.9 ነበር። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በዚያው 35፣ ወደ 2.1 ወረደ። ክሊኒኩ ወደ 37.5 ከፍ አደረገው፤ 2.3 ሆነ። 40 ተደረገ፤ ለሆሣዕና 2.8። ተመስገን አልን። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በአሥረኛው ቀን ሌሊት አፍንጫዋ ደምቶ አልቆም አለ፤ ጠዋት ሲለካ 4.9።

ከክፍል ስወጣ ወደ ባቡሩ አልሄድኩም። ካል አንደርሰን ፓርክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬ ላይ ካለው የደብተሯ ፎቶ ቁጥሮቹን እያየሁ ግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ አደረግሁ። አግድሙ መጠኑ፣ ሽቅቡ ውጤቱ። 35 ላይ ሁለት ነጥብ ወጣ፦ 2.9 እና 2.1። 40 ላይም ሁለት፦ 2.8 እና 4.9።

አንድ ኤክስ ሁለት ዋይ ካለው ፈንክሽን አይደለም፤ ይህን ዘጠነኛ ክፍል ነው የሚያስተምሩን። ማጋመሱም ሆነ ኒውተን የሚሠሩት እኛ ስንፈልግ ግራፉ ባለበት ከቆመ ነው። የእናቴ ግራፍ ግን እኛ ስንፈልገው ቦታ ይቀይር ነበር። ያልተጻፈ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ጎመን! ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው፤ ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ሞልቶታል። በሁዳዴ ቤታችን ጎመን ሳይወጠወጥ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮ ወጥ ተተካ። በዓለ ሃምሳ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ጎመኑ ጭራሽ ከቤት ጠፋ፤ 40ው ሚሊግራም ግን እንዳለ ቀረ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። ክሊኒኩ ሲደውል የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ነርሷ ሁለቴ ጠይቃኛለች፦ የአመጋገብ ለውጥ አለ? ሁለቴም ወደ እናቴ ዞር ሳልል “የለም” ብያለሁ። አልዋሸሁም፤ ጾም ለውጥ አልመሰለኝም። ተወልጄ ካደግሁበት ቤት የማይጠፋ ነገር ነው። እናቴ ብትጠየቅ “እየጾምኩ ነው” ትል ነበር። ነርስነት እየተማርኩ፣ በሽተኛዋን ሳልጠይቅ ስለ በሽተኛዋ መልስ ሰጠሁ።

የዚያኑ ቀን ኦቴሎ፣ ቤት እንደገባሁ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና “ታዲያ ጾሙ ነው ያደማኝ?” አለች። አይደለም እማዬ፣ መለዋወጡ ነው አልኳት። በማግስቱ ግራፉን ይዘን ክሊኒክ ሄድን፤ መጠኑን እነሱ አስተካከሉት። ጎመን ተዪ አላሏትም። በጾምም በፍስክም እኩል አድርጊው አሏት።

በበዓለ ሃምሳ ጎመን መብላት ግን በቀላሉ የተዋጠላት እንዳይመስላችሁ። “ጎመን በጤና ሲባል አልሰማሽም እንዴ?” ብላት፣ “እሱ የተባለው ሥጋ ላጣ ሰው ነው፣ ልጄ” አለችኝ።

አሁን ነርሷ ስትደውል ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጥያቄውን ተርጉሜ መልሱን እጠብቃለሁ። ደብተሩም ከቀኑ፣ ከመጠኑና ከቁጥሩ ቀጥሎ አራተኛ ዓምድ ተጨምሮበታል። በእሷ እጅ ጽሑፍ “ጎመን፦ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ እሑድ፣ ሁለት ሁለት ጭልፋ” ይላል። የመጨረሻው ቁጥር 2.8 ነው።