አንድ ጣት የረዘመው እጅጌ

አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬያለሁ። አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቦታው ቶሮንቶ፣ ካናዳ፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2001 መጨረሻ፤ አንበሳ ያልኩት ደግሞ ናይጄሪያዊውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሀኪም ኦላጁዋንን ነበር። ተረቱን ያለቦታው መጣሌ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንባቢ ይታገሠኝና ነገሩን ከሥሩ ላውጋው።

በዚያን ጊዜ በከተማው መሐል በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ማታ ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ጎራ ማለት ልማዴ ነበር። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል። የከተማው ቡድን ራፕተርስ ሲጫወት እዚያው ተኮልኩለን እናያለን። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ስለ ቅርጫት ኳስ የምናውቀው ጥቂት ነው። ሀኪም ሲመጣ ግን ጉዳዩ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። «የኛው ልጅ መጣ!» ተባለ።

ደግሞስ ቢባል ምን ያንሰዋል? ሌጎስ ውስጥ ከሲሚንቶ ነጋዴዎች የተወለደ፣ በልጅነቱ እግር ኳስና የእጅ ኳስ ሲጫወት ያደገ፣ ቅርጫት ኳስ የጀመረው አሥራዎቹን ሊያጋምስ ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመርጡ እሱ አንደኛ ተጠራ፤ ማይክል ጆርዳን በዚያው ቀን የተጠራው ሦስተኛ ነው። በ1994 እና በ1995 ሂውስተን ሮኬትስን ሁለት ጊዜ ለዋንጫ አበቃ። በአንድ የውድድር ዘመን የሊጉ ኮከብ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ ሦስቱንም የጠቀለለ ከእሱ በቀር ማንም የለም። በየካቲት 1995 ረመዳን እየጾመ፣ ቀን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ እየተጫወተ፣ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ይህን የነገረን የምግብ ቤቱ ባለቤት ነው። እሱ ራሱ ሁዳዴን አንዲት ቀን የማይገድፍ ሰው ስለነበር ሲያወራው ዓይኑ ያበራ ነበር።

እኔ እንግዲህ የጠበቅሁት ያንን ሀኪም ነው። የመጣው ግን ሌላ ሰው ነበር። ሂውስተን ውስጥ 17 የውድድር ዘመን አሳልፎ፣ በነሐሴ 2001 ወደ ቶሮንቶ ሲዛወር ዕድሜው 38 ነበር። ወገቡ ተጎድቷል። በጨዋታ በአማካይ 7 ነጥብ፣ 6 የተመለሰ ኳስ፤ ሜዳ ላይ የሚቆየውም ከግማሽ ጨዋታ እምብዛም አይበልጥም። ያ በዓለም የታወቀው እንቅስቃሴው፣ ወደ ቀኝ አስመስሎ ወደ ግራ የሚሾረው፣ አልፎ አልፎ ይመጣል። ትከሻው ያንን ያስመስላል፣ እግሩም ይዞራል፤ ነገር ግን ያታለለው ልጅ ተመልሶ ይደርስበታል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ተረቱን የወረወርኩት። «በክብሩ ጊዜ ቢያቆም ምን ነበረበት? ማየቱ ራሱ ያሳፍራል» ብዬም ጨመርኩበት። የምግብ ቤቱ ባለቤት ብርጭቆ እያጠበ ቀና ብሎ አየኝና፣ «አንተ ነህ እሱ ነው የሚያፍረው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ላንሣ። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። አንዲት ጠባብ ሱቅ፣ አንድ ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ። የሰው ልክ ሲወስድ ሜትሩን የሚዘረጋው ለወጉ ያህል ነበር፤ ሰውዬው በር ላይ ሲቆም ገና ያውቀዋል ይባላል። እኔም የተማርኩት፣ ለመሄጃ ያበቃኝም ያ መርፌ ነው። በ2002 መጀመሪያ ላይ ልታገባ ነው ሲሉት፣ «የሰርጉን ሙሉ ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ሌላ ቦታ እንዳትገዛ» ብሎ በስልክ አስጠነቀቀኝ። ዓይኑ መድከሙን እህቴ ነግራኝ ነበር። ቢሆንም እሺ አልኩት።

ልብሱ በመንገደኛ እጅ የደረሰኝ በረዶው ሊያበቃ ሲል፣ ራፕተርስ በተከታታይ 13 ጨዋታ በተሸነፈበት ሰሞን ነው። ጥቁር ሱፍ፣ የሐር ገበር፣ ኮሌታው እንደ ድሮው ቀጥ ያለ። ለበስኩት። ግራ እጅጌው ከቀኙ አንድ ጣት ይረዝማል። ከውስጥ ስመለከተው ሦስት ቦታ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል፤ የጠመኔው ምልክት ገና አልለቀቀም ነበር። አይቶት ኖሯል ማለት ነው። ወይም በጣቱ ዳስሶ አውቆታል። መልሼ አጣጠፍኩና ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ቡድኑ ግን ከዚያ ወዲህ ተነሣ። ኮከቡ ቪንስ ካርተር በጉልበት ሕመም ወጥቶ ሳለ፣ ሞተ የተባለው ቡድን ከመጨረሻዎቹ 14 ጨዋታዎች 12ቱን አሸንፎ ለማጣሪያው ደረሰ። በመጀመሪያው ዙር ከዲትሮይት ጋር አምስት ጨዋታ ተጫውቶ፣ በአምስተኛው 85 ለ82 ተሸነፈ። ለሀኪም ያ የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ በኋላ ወገቡ አልፈቀደለትም፤ በዚያው ዓመት መጸው መጫወት ማቆሙን አስታወቀ።

እኔም በሐምሌ አገባሁ። የለበስኩት ከመደብር የገዛሁትን ነው። አባቴ በስልክ፣ «እጅጌው ልክ ሆነልህ?» አለኝ። «ልክክ ብሎ» አልኩት። ከዚያም ፎቶግራፍ ላክሁ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጥቁር ከጥቁር አይለይም ብዬ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለለቅሶው ስገባ እህቴ የነገረችኝ እንዲህ ነው። ፎቶግራፉ የደረሰው ዕለት በር ላይ፣ ብርሃን ወዳለበት ይዞት ወጣ። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ ቆየ። «ይሄ የኔ ስፌት አይደለም» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። በማግሥቱ ግን ፎቶግራፉን በሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከሲንጀሩ በላይ ሰቀለው። ደንበኛ ሲጠይቀው፣ «ልጄ ነው፤ ሰርጉ ነው» ይል ነበር። ስለ ልብሱ የጠየቀው ካለ ምን እንደመለሰለት እህቴ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ስመለስ የሀኪምን ነገር እንደ አዲስ አሰብኩት። ሂውስተን በኅዳር 2002 የ34 ቁጥር መለያውን ሰቅሎ አክብሮታል። መቆጠር ከተጀመረ ወዲህ 3,830 ኳሶችን በማክሸፍ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው የለም። ከእነዚያ ውስጥ ቶሮንቶ ላይ ያከሸፋቸው ጥቂቶቹም ተቆጥረዋል። መዝጋቢው ወገቡ ጤነኛ በነበረ ጊዜ ነው ወይስ በታመመ ጊዜ ብሎ አልለያቸውም። በዚያ ዓመት 61 ጊዜ መለያውን ለብሶ ገብቷል። ትከሻው የሚያውቀውን አደረገ፤ እግሩ የቻለውን ያህል ተከተለው። የሚታፈርበት ነገር ከነበረ እሱ ዘንድ አልነበረም።

ሙሉ ልብሱን አሁን እለብሰዋለሁ፤ ለሰው ሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ። ባለቤቴ ግራ እጅጌውን እያየች፣ «አንድ ሰፊ ጋ ወስደህ ብታሳጥረው ምናለ?» ትለኛለች። እስካሁን አልወሰድኩትም።