የሙሴ ዓሣ

በሐርጌሳ ከተማ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጠን ሳለ፥ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ደጋግመው ለምሳ ይጠሩን ነበር። እነርሱ ያረዱትን እኛ፥ እኛ ያረድነውንም እነርሱ አለመብላት የቆየ ልማድ ነውና፥ ይህን መግለጽ አፍረን በየጊዜው ምክንያት እየፈጠርን እንቀር ነበር።

አንድ ቀን ግን «የዛሬው ምሳ ዓሣ ነው፤ ዐራጅ አያሻውም» ብለው ላኩብን። ለካ ምክንያታችንን ቀድመው ዐውቀውት ኖሯል።

ስንደርስ፥ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከበርበራ በበረዶ የመጣ ጠፍጣፋ ዓሣ ቀረበልን። ሁለቱም ዐይኖቹ ባንድ ጎኑ መሆናቸውን ልጃችን አይቶ «ግማሹ የት ሄደ?» ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌውም ስቀው፥ በወጣትነታቸው በተማሩበት በግብፅ አገር «ሰመክ ሙሳ»፥ ማለት «የሙሴ ዓሣ» እንደሚባል ነገሩን። ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል ከመካከል ተገኝቶ ለሁለት ስለ ተሰነጠቀ፥ አንዱ ጎኑ ነጭና ዐይን የሌለው ሆኖ ቀረ ይባላል። ሮማውያን ግን ቅርጹን አይተው «ሶሌአ»፥ ማለት ነጠላ ጫማ አሉት፤ የእንግሊዞቹ «ሶል» ከዚሁ የመጣ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ሲፈለፈል ዐይኖቹ በግራና በቀኝ ናቸው፤ እያደገ ሲሄድ ግን አንዱ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል።

ከስሞቹ ሁሉ ደስ ያሰኘን የሙሴ ስም ነው፤ ሙሴን እነርሱም እኛም እናከብራለንና። ያን ዕለት ከአንድ ሳሕን በላን። እውነቱን አስቀድመን ተናግረን ቢሆን ኖሮ ግን፥ ወዳጅነታችን ሁለት ዓመት ባልዘገየም ነበር።