መሬት በሚሸጥበት አገር ሰባት ሌሊት

በአገራችን ስለ መሬት ባለቤትነት የሚደረገው ክርክር ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ዙሪያ ይሽከረከራል። አንደኛው ወገን «መሬት ይሸጥ ከተባለ ገበሬው በአንድ ክረምት ሸጦ ከተማ ገብቶ ይለምናል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሊሸጠው የማይችለው መሬት የእርሱ አይደለም፤ ከባላባቱ ጭሰኝነት ወጥቶ የመንግሥት ጭሰኛ ሆኗል» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ በጋዜጣም፣ በምርጫ ሰሞንም፣ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር ሲደገም ሰምተነዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት በዓይነ ሕሊናቸው ስለሚያዩት ገበሬ ነው፤ ቤቱ ገብተው፣ እሳቱ ዳር ተቀምጠው፣ ልጆቹ ምን እንደሚሉ የሰሙ አይመስለኝም። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የምፈልገው መሬት በሚሸጥበት አገር፣ ፔሩ ውስጥ፣ ኦያንታይታምቦ በምትባል የአንዲስ ሸለቆ ከተማ፣ በአንዲት ርካሽ ማደሪያ ሰባት ሌሊት አድሬ የሰማሁትን ነው።

«እዚያ ምን ወሰደህ?» ለሚል አንባቢ አጭር መልስ አለኝ። በልጅነታቸው ወደ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ወደሚባለው ስፍራ ተልከው ከተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። እስፓንኛዬ ከዚያ የተረፈ ነው። ቋንቋውን በተማርኩበት ደሴት ስለ ላቲን አሜሪካ ገበሬ ብዙ ተነግሮኝ ነበርና፣ ባለፈው ዓመት ጊዜውም ገንዘቡም ሲገጥም፣ የተነገረኝን ሰው ላየው ሄድሁ። የማደሪያዋ ባለቤት አንደበቴን በሰማች በደቂቃ ውስጥ «ኩባዊው» የሚል ስም ሰጠችኝ፤ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሦስት ጊዜ ብነግራትም ስሙ እስከ መጨረሻው ቀን አልተነሣልኝም።

ኦያንታይታምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኢንካዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቀየሱት የመንገድና የግቢ አቀማመጥ ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ ከተማዋን ከሌሎቹ የኢንካ ፍርስራሾች የሚለያትም ይህ ነው። ካንቻ የሚሉት ግቢ ከመንገዱ በአንድ በር ብቻ ይገባበታል፤ ውስጡ ክፍት ሜዳ ሲሆን ክፍሎቹ ዙሪያውን ከበውት ይቆማሉ። እኔ ያደርሁበትም ከነዚህ አንዱ ነው። ግድግዳው እስከ ደረቴ ድረስ ያለ አንዳች ማያያዣ የተገጣጠመ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ የጭቃ ጡብ፣ ጣሪያው ደግሞ በባሕር ዛፍ አጣና የተሸከመ ነው። አዎን፣ ባሕር ዛፍ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ እኛ የመጣው ይኸው የአውስትራሊያ ዛፍ እዚያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገብቶ ተራራውን ሁሉ ወርሶታል፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ለአፍታ እንጦጦ ያለሁ መሰለኝ።

ክፍሌ አንድ አልጋ፣ አንድ አምፖል፣ ልብስ ማንጠልጠያ የሚሆን ሁለት ምስማርና ሦስት የሱፍ ብርድ ልብሶች ነበሩት። ብርድ ልብሶቹ ከመክበዳቸው የተነሣ ከሥራቸው መገላበጥ ጉልበት ይጠይቃል። መጸዳጃው የጋራ ነው። የመታጠቢያው ውኃ የሚሞቀው ከቧንቧው ጫፍ ላይ በተገጠመ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲሆን፣ ገመዶቹ በፕላስተር ተጠቅልለው ከራስ በላይ ሲወርዱ ያየ ሰው ከመታጠቡ በፊት ማማተቡ አይቀርም። ለዚህ ሁሉ በሌሊት 40 ሶል ከፈልሁ፤ ቁርሱ ዳቦ፣ እንቁላልና የኮካ ቅጠል ሻይ ነው። ሻይው ለከፍታው ሕመም መድኃኒት እንደሆነ ባለቤቷ ስታስረዳኝ፣ እኔ ያደግሁበት ከተማ ከዚህ ብዙ እንደማያንስ ነገርኋት። «እንግዲያስ ለሆድዎ ይጠጡት» አለችኝ።

ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው ከመንገዱ ዳር በድንጋይ ቦይ የሚወርደው የውኃ ድምፅ ነው። ቦዩንም የሠሩት ኢንካዎች ናቸው። ማንኮ ኢንካ ከከተማዋ በታች ያለውን ሜዳ በውኃ አጥለቅልቆ የኤርናንዶ ፒዛሮን ፈረሰኞች ወደ ኩስኮ የመለሰው እዚሁ ነው። አስጎብኚዎች ይህን ሲተርኩ እኛ ዐድዋን በምንተርክበት ድምፅ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ማንኮ ኦያንታይታምቦን ትቶ ወደ ቪልካባምባ ጫካ አፈገፈገ፣ እ.ኤ.አ. በ1572 ያም ወደቀ።

በሦስተኛው ቀን ከባለቤቷ ጋር የበቆሎ መልቀሙን ሥራ ለማየት ወደ ሜዳው ወረድሁ። ጊዜው የመኸር ወቅት ነበር፤ በዓለም የታወቀው የዚያ ሸለቆ ነጭ በቆሎ፣ ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለው፣ በየሜዳው ተሰጥቶ ይደርቃል። ጎረቤቶች ተራ በተራ ነው የሚረዳዱት፤ አይኒ ይሉታል፣ እኛ ወንፈል የምንለው ነው። ሚንካ የሚሉት ደግሞ አለ፤ ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ የሚያሠራው፣ ደቦ። ስንመለስ አንድ በር ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ቀይ ፌስታል ታስሮ አየሁ። ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባሁ። በእኛ አገር በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ያየ ሰው የሚገባበትን ቤት ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻውም። ቺቻውም ከበቆሎ ብቅል የሚጠመቅ ነው፤ ጌሾ ስለሌለው ግን ጣፋጭነቱ አልተመቸኝም።

የቤቱ ነገር የተነሣው እዚያ፣ በቺቻው ላይ ነው።

ወላጅ እናቷ ሰማንያውን ተሻግረዋል። ከግቢው ጥግ ባለው ጭስ በጠገበ ማድ ቤት ይውላሉ፤ ከእግራቸው ሥር ለመብል የሚያረቧቸው ኩይ የተባሉ አይጥ መሳይ እንስሳት ይርመሰመሳሉ። የሚናገሩት ኬቿ ነው፤ እስፓንኛ ይሰማሉ፣ አይመልሱም። እኔን «ፓፓይ» ይሉኛል፣ የእኛ «አባቴ» መሆኑ ነው። የተወለዱት በባላባት ርስት ላይ ነበር። አባታቸው ለአንዲት ቁራጭ እርሻ ሲል በሳምንት ውስጥ የተወሰኑ ቀናትን የጌታውን መሬት ያርስ ነበር፤ እናታቸውም በተራዋ በጌታው ቤት ታገለግላለች። ይህን ስሰማ ልጅቷን ዝርዝር አልጠየቅኋትም፤ አያቴ በልጅነቴ ነግሮኛል።

ጄኔራል ሁዋን ቬላስኮ አልቫራዶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1968 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ፤ ሰኔ 24 ቀን 1969 የመሬት ማሻሻያውን ዐወጁ። እስከዚያ «የሕንዶች ቀን» ይባል የነበረው ይህ ዕለት ከዚያ ወዲህ «የገበሬዎች ቀን» ተባለ። ከ9 ሚሊዮን ሔክታር የሚበልጥ መሬት ከባላባቶች ተወሰደ። መፈክሩ፣ መሬት ለሚሠራባት፣ የኛ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. ይዘውት ከወጡት «መሬት ላራሹ» ጋር ቃል በቃል የሚገጥም ነው። ቬላስኮ በግንቦት 1975 ኬቿን የመንግሥት ቋንቋ አደረጉ፤ በነሐሴ በገዛ ጓዶቻቸው ወረዱ። በዚያው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ ዐውጆ ነበር። ሁለት የወታደር መንግሥታት፣ አንድ መፈክር፣ ስድስት ዓመት ያልሞላ ልዩነት።

መንገዳቸው የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው። የፔሩ ገበሬዎች መሬቱን በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲይዙት ተደረገ፤ ማኅበራቱ ግን በሹማምንት ስለተወረሩ፣ በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው እያፈረሱ ተከፋፈሉት። የሴትዮዋ አባት በዚህ ክፍፍል በሜዳው ላይ ስድስት ቶፖ አገኙ፤ ቶፖ ማለት የሔክታር ሢሶ ገደማ ነው። ከወረቀትም ጋር። በእኛ አገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የደርግን አዋጅ ፍሬ ነገር ወረሰ፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

እንግዲህ አባትየው ሲሞቱ ስድስቱ ቶፖ ለአራት ልጆች ተከፈለ። ታላቁ ወንድም ድርሻውን ለሆቴል ሠሪ ሸጦ ኩስኮ ላይ ታክሲ ገዛ። ታክሲው ዛሬ የለም፤ ሰውየው የሰው ታክሲ ይነዳል። በሸጠው መሬት ላይ የቆመው ሆቴል ለአንድ ሌሊት የሚያስከፍለው ማደሪያዋ በወር ከእኔ ብታገኝ የማትደርስበትን ነው። የመጀመሪያው ወገን ይህን ሲሰማ «አላልናችሁም?» ይላል። ሁለተኛው ወንድም ግን አልሸጠም፤ ነጩን በቆሎ እየዘራ ልጁን ዩኒቨርሲቲ አስገባ። ሦስተኛዋ ልጅ የሸጠችው ግማሹን ነው፤ በገንዘቡ ሊማ ላይ ልብስ መስፊያ ከፈተች፣ ደኅና ኑሮ ትኖራለች። ከአንድ እናት ልጆች መካከል ለክርክራችን ለሁለቱም ወገን የሚሆን ምስክር ተገኘ ማለት ነው።

አራተኛዋ የማደሪያዋ ባለቤት ናት። የእርሷን ነገር ከባድ ያደረገው አሁን ገዢ የመጣው ለግቢው መሆኑ ነው። ወደ ማቹ ፒቹ የመኪና መንገድ ስለሌለ አብዛኛው ጎብኚ ባቡሩን የሚይዘው ከኦያንታይታምቦ ነው፤ በቺንቼሮ ደግሞ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ እየተሠራ ስለሆነ የሸለቆው መሬት ዋጋ ገና ከወዲሁ ሰማይ ነክቷል። ገዢው ግቢውን ለሀብታም ጎብኚዎች ማረፊያ ሊያደርገው ይፈልጋል። ድንጋዩን ለመንካት የባህል ሚኒስቴር ፈቃድ ቢያስፈልግም ገዢ አይጠፋም። ግቢው የአራቱም ነው። ሦስቱ ይሸጥ ይላሉ።

«እኔ ድርሻዬን ይዤ የት እሄዳለሁ?» አለችኝ። «ከሸጥን ሰውየው ሊቀጥረኝ ቃል ገብቷል። እናቴ ቤት አልጋ አንጣፊ እሆናለሁ።» ይህን ስትል አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ቺቻውን ቀዳችልኝ። ከዚያ ደግሞ ወንድሞቿን መከላከል ጀመረች። በታኅሣሥ 2022 ፕሬዚዳንት ካስቲዮ ከሥልጣን ሲወገዱ ደቡቡ በተቃውሞ ተነሣ፤ ባቡር ቆመ፣ ማቹ ፒቹ ተዘጋ፣ በአርባዎቹ የሚቆጠሩ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ሞቱ። ያኔ ለወራት አንድ እንግዳ አልመጣላትም። ያበላት ታክሲ ነጂው ወንድሟ ነበር።

እኔ በዚህ ነገር ፍርድ አለኝ፤ ልደብቀውም አልፈልግም። በኦያንታይታምቦ ገንዘብ ደካማውን ሲገፋ አየሁ፤ ነገር ግን ገዢው በር አንኳኩቶ፣ ወንበር ተሰጥቶት፣ ዋጋ ጠርቶ፣ «እንመካከር» ተብሎ ሲመለስም አየሁ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ገበሬያችን በር የሚያንኳኳለት ገዢ የለውም። የሚመጣበት ደብዳቤ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የመፈናቀያ ካሳውን የዓመታዊ ገቢው አማካይ አሥር እጥፍ አድርጎት ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። እጥፉ ተለወጠ እንጂ ገበሬው «አልሰጥም» የሚልበት አንቀጽ በሁለቱም ውስጥ የለም። ገበሬው እንዳይሸጥ የተባለው ከገንዘብ ሊያድኑት ከሆነ፣ ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ላይ ሲወጣ ሻጩ ማነው? ይህን ጥያቄ የመጀመሪያው ወገን ሲመልሰው እስካሁን አልሰማሁም። ሁለተኛውም ወገን ቢሆን፣ ሦስት ለአንድ ስለምትሸነፈው ሴት የሚለውን ቢነግረኝ እወድ ነበር። የባለቤትነት ወረቀቱ የእርሷንም ስም ይዟል።

አንድ ነገር ልጨምር። እናትየው ማንበብ ስለማይችሉ እስከ 1979ኙ ሕገ መንግሥት ድረስ በፔሩ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ ያልተማረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ የሰጠው በ1980 ነው። በእሑዱ የቤተሰብ ጉባኤ ላይ ግን ሁሉም የሚጠብቀው የእርሳቸውን ቃል ነበር።

ጉባኤው የተደረገው በግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ነው። እኔ ከክፍሌ ደጃፍ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ይሂድ ያለኝ የለም። ንግግሩ በኬቿ ስለነበረ ምንም አልገባኝም፣ ከቁጥሮቹ በስተቀር። ገንዘብ ሲቆጥሩ በእስፓንኛ ነው የሚቆጥሩት። እናም ለሁለት ሰዓት ያህል ከማላውቀው ቋንቋ መካከል ቁጥር ብቻ እየተመዘዘ ይደርሰኝ ነበር፤ መቶ ሃምሳ ሺህ፣ ሁለት መቶ ሺህ፣ ለአራት ሲካፈል፣ ግብር ሲቀነስ። ታክሲ ነጂው ድምፁን ከፍ አደረገ። ከሊማ የመጣችው እህት በስልኳ ማስያ ደመረች። እናትየው በመካከሉ አንዲት አጭር ነገር ተናግረው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ለእንስሶቻቸው ሣር ሊሰጡ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ቁጥር አልሰማሁም።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ሒሳቤን ስከፍል የተወሰነውን አልጠየቅሁም። ባለቤቷ 280 ሶሉን ሁለት ጊዜ ቆጥራ ከመሸረቧ ኪስ ከተተችውና፣ በሐምሌ ተመልሼ ብመጣ ቀደም ብዬ እንድደውል፣ በዚያ ወር ክፍል እንደማይገኝ ነገረችኝ።