የኮምፒዩተሩ 2 ቮልትና የእኛ ግማሽ ቮልት

እኛ አራት የፊዚክስ ሠልጣኞች ባለፈው ወር ከላቦራቶሪ ያገኘነውን ትምህርት ለብቻችን ይዘን መቅረት አልወደድንምና እነሆ እንጽፋለን።

የተሰጠን ሥራ የአንድን ፈጣን ሞገድ የመጨረሻ ከፍታ፣ ማለትም ጫፉን፣ ይዞ የሚያቆይ ሰርኪዩት መንደፍ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳዮዱ በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር ነው፤ ሞገዱ ሲወጣ ያስገባል፣ ሲወርድ ይዘጋል። የገባውን ካፓሲተሩ እንደ እንስራ ይይዘዋል። ሬዚስተሩ ደግሞ ቀስ እያለ ያፈሰዋል፤ ባያፈስማ ሞገዱ ቢያንስም መለኪያው አሮጌውን ጫፍ ይዞ በቀረ ነበር። 1 ናኖ ፋራድና 100 ኪሎ ኦም መረጥን፤ ሲባዙ 100 ማይክሮ ሴኮንድ ነው። የ1 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ አንድ ዙር 1 ማይክሮ ሴኮንድ ስለሆነ በየዙሩ የሚፈሰው ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው።

በኮምፒዩተር ሞከርነው። ጫፉ 2 ቮልት የሆነ ሞገድ አስገባን፤ 2 ቮልት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወጣ። ተጨባበጥን! ከዚያ ከመሳቢያ ባገኘነው 1ኤን4007 ዳዮድ በእጃችን ሠራነው። መለኪያው ግማሽ ቮልት እንኳ አልሞላም። ሽቦ ቀየርን፣ ካፓሲተር ቀየርን፤ ወይ ፍንክች!

መሸ። ከመካከላችን አንዱ «ኧረ ባካችሁ፣ የኮምፒዩተሩን እንጻፍና እንገላገል» አለ። እውነቱን ለመናገር ሦስታችንም አልተቃወምንም። ጻፍነው። በማግሥቱ መምህራችን ሪፖርቱን አገላብጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ልጆች፣ ይህን 2 ቮልት በመለኪያው ላይ ያነበበው ማነው?» ዝም አልን።

ተመልሰን ስንመረምር፣ ለኮምፒዩተሩ የሰጠነው ዳዮድ በሐሳብ ብቻ ያለ፣ እንከን የለሽ ዳዮድ ኖሯል። 1ኤን4007 ግን ለ50 ኸርዝ የመብራት ኃይል የሚሆን ነው፤ ለመዝጋት ማይክሮ ሴኮንዶች ይፈጅበታል። በሩ ሳይዘጋ ሞገዱ ይገለበጣል፤ የገባውም ተመልሶ ይወጣል። በ4 ናኖ ሴኮንድ የሚዘጋውን 1ኤን4148 ብንተካው 1 ነጥብ 5 ቮልት ገደማ አነበብን። የጎደለው ግማሽ ቮልት ዳዮዱ ራሱ ለመከፈት የሚያስቀረው ነው። የዚህኑ ዳዮድ ጠባይ ለኮምፒዩተሩ ስንነግረው እሱም ይህንኑ መለሰልን። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ የጠየቅነውን መለሰ። የዋሸነው እኛ ነን።

ሪፖርቱን ቀደን እንደገና ጻፍን፤ ያሳፈረንን ግማሽ ቮልትም አስገባንበት። ነገ ክፍል ውስጥ ቆመን ተማሪዎቻችንን «ያያችሁትን ጻፉ» የምንል ሰዎች ነንና። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ስንጠረጥር ግን ከዳዮዱ በፊት ራሳችንን እንጠርጥር።