ጉናን በቁመቱ አትለኩት

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከጉና የሚበልጥ ከፍታ የለም፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ይህን ሰምቶ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚጓዝ እንግዳ ግን በመኪናው መስኮት እያማተረ «ተራራው የታለ?» ማለቱ አይቀርም። አይፈረድበትም። ጉና እንደ ስሜን ገደልና ሹል ጫፍ የለውም። ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ቅልጥ አለት እየፈሰሰና እየተነባበረ የሠራው ሰፊ ጀርባ ነው። የጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከዚያ ሆኖ ለሚያየው ጉብታ ይመስላል።

በገብሱና በድንቹ ማሳ መሀል ወጥቼ፣ ጓሳውንና ጅብራውን እያለፍኩ ስሄድ ከፍ ማለቴን የነገረኝ የትንፋሼ ማጠር ብቻ ነበር። በግ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና «አባቴ፣ ጫፉ የቱ ነው?» አልኳቸው።

«ጫፉንማ አልፈኸው መጣህ። ውኃውን አየኸው ወይ ልጄ?» አሉኝና በዱላቸው የጓሳውን ሥር ገለጥ አደረጉልኝ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሲረግጡት ውኃ ይወጣዋል።

የጉና ትልቅነት እዚያ ጋ ነው። ርብና ጉማራ ከዚህ ተነሥተው፣ የፎገራን ሩዝና ሽንኩርት አጠጥተው ጣና ይገባሉ። በጋይንትና በእስቴ በኩል የሚወርደውም በየሸለቆው ተጉዞ ዞሮ ዞሮ ዓባይን ያገኛል።

የጋይንት ሰው ትልቅነት ከውጭ እንደማይታይ ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ቤተ ልሔም አለችለት። የድጓ ተማሪ ከየአገሩ ለማስመስከር የሚመጣባት ደብር ናት። ጥንታዊው ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን በክብ ሕንፃ ተከልሎ ስለሚኖር፣ ውጭ ቆሞ ያየ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ አይገምትም። ጉናም እንዲሁ ነው፤ ያለውን በውስጡ ይዞ ነው የተቀመጠው።

የሚያሳስበኝ ማረሻው ሽቅብ መውጣቱ ነው። ጓሳው ይታረሳል፣ አስታው ለማገዶ ይቆረጣል፤ ክረምት ሲመጣ ርብ ደፍርሶ የጉናን አፈር ፎገራ ሜዳና ጣና ላይ ይደፋዋል። ገበሬውን አልወቅስም፤ መሬት ጠቦት ነው። ከታች ሩዝ የሚያመርተው፣ ዓሣ የሚያሰግረው፣ ከጣና በሚወጣው ውኃ መብራት የሚያበራው ሁሉ ግን የጉና ባለዕዳ ነው። ስለዚህ ጓሳውን ሳያርስ ለሚጠብቅ ገበሬ፣ የውኃው ተጠቃሚ የሚከፍለው ድርሻ ሊኖር ይገባል። እርሻውን ትቶ የሚራብ ሰው ተራራ ሊጠብቅልን አይችልም።