የምሰማው ድምፅ

ልጄ ቤት ስገባ በልጅ አስተዳደጋቸው ጣልቃ ላልገባ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። አማቼ በፈተና ውጤት የተነሳ ልጁ ላይ ሲጮህ ጋዜጣዬን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። አባትን በልጁ ፊት ማቃለል ነውር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚሁ የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጄ ጋር «ስታር ትሬክ» የሚባለውን የአሜሪካ ድራማ እናያለን። በመርከቧ የሚጓዙት ሰዎች ጥብቅ ሕግ አላቸው፤ ገና በከዋክብት መካከል መጓዝ ያልጀመረ ሕዝብ ሲያገኙ መመልከት እንጂ በኑሮው መግባት ክልክል ነው። ኃያሉ ልርዳ ብሎ ጌታ እንዳይሆን ነው። ሕጉን ወደድኩት። «አየህ፣ አዋቂ እንዲህ ነው» አልኩት፤ ለራሴ ጥብቅና መቆሜ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያየነው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1989 የተላለፈ ነው። ዳታ የሚባለው ሰው መሰል ማሽን፣ እዚያ ሰው አለ ወይ የምትል የአንዲት ልጅ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶ ይመልስላታል። ፕላኔቷ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳተ ገሞራ እየፈረሰች ነው። መኮንኖቹ ተሰብስበው ይከራከራሉ። ካፒቴን ፒካርድ ግንኙነቱ እንዲቋረጥ ያዛል። ሊያቋርጡ ሲሉ ግን የፈራችው ልጅ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል፤ ካፒቴኑም ሐሳቡን ይለውጣል። ፕላኔቷን አድነው ሲያበቁ የልጅቷን ትዝታ ይደመስሳሉ። ይሄ አልተዋጠልኝም። ረድቶ መደበቅ ምን ይሉታል?

ልጁ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው።

«አባባ፣ ድምጿን ባይሰሙ ኖሮ ይተዉአት ነበር?»

«ይመስለኛል።»

«አንተ ግን ማታ ማታ ሳለቅስ ትሰማኛለህ አይደል? ግድግዳው ስስ ነው።»

ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም። እኔም አፌ ተያዘ። እሰማለሁ እንጂ! እንቅልፍ ስላጣሁ መቁጠሪያዬን ይዤ የማነጋባቸው ሌሊቶች ነበሩ። የልጁን እናት በእርሱ ዕድሜ ሳለች ለውጤቷ ስገርፋት፣ ነፍሷን ይማርና እናቴ ጓዳ ገብታ ቡና ትቆላ ነበር። የምትቆላው እንዳልሰማ ለመሆን እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ አማቼ ሳሎን ብቻውን ዜና ያያል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ የማይመለከተኝን ልናገር ነው» አልኩት። «እኔ ራሴ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው የምጀምረው።»

ድምፁን ቀነሰው። «ይናገሩ አባባ» አለኝ።

ስለ ልጄ ነገርኩት። ስለ አለንጋው። እርሷ ነግራው አታውቅም ነበር።