ከአዳማ እስከ በቆጂ፦ ለስህተት ቦታ የማይተው መንገድ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ ወደ አዋሽ መልካሳ ቁልቁል ይወርዳል፤ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ በዴራና በኢተያ አድርጎ ሽቅብ ይወጣል። አሰላ ሲገባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ደርሷል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ሙቀቱ እየቀነሰ፣ ግራሩ በባሕር ዛፍ እየተተካ፣ ማሳው ወደ ስንዴና ገብስ እየተለወጠ ሲሄድ ያያል። ጭላሎ ተራራ በስተግራ ጎልቶ ሲታይ ደጋ ገብታችኋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መስኮት ይዘጋል፣ ጋቢም ይፈለጋል።

እኔ በአርሲ ደጋ በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን መንገድ በአውቶቡስም፣ በአምቡላንስም፣ በሰው መኪናም ተመላልሼበታለሁ። አገሩ ውብ ነው። ይሁን እንጂ ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ከውበቱ ጋር ሌላም ነገር ያያል፤ ኩርባውን፣ የአስፋልቱን ጠርዝ፣ ከጠርዙ ማዶ ያለውን ቦይ።

በቅርቡ በዚህ መንገድ የሄድኩት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። 26 ዓመቱ ነው፤ አንዲት አሮጌ ቪትዝ አለችው። አንዳንድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ወዳለ ሰፊ ሜዳ ይሄድና በፍጥነት መንዳት ይለማመዳል። እናቱ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «እባክሽ አንቺ ምከሪው፤ አንቺን ይሰማል» ብላኝ ነበርና አጠገቡ ስቀመጥ ምክሬን አዘጋጅቼ ነበር። ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃልና እኔም አስቀድሜ «እስኪ እዚያ ሜዳ ላይ የምታደርጉትን ሁሉ ንገረኝ» አልኩት።

«አክስቴ፣ መጀመሪያ መኪናው ይፈተሻል» አለኝ። «ጎማው፣ ፍሬኑ፣ የጎማው ብሎን፣ የባትሪው ማሰሪያ ሁሉ ይታያል። ውስጡ ያለው ዕቃ በሙሉ ይወርዳል፤ ክሪክና ስኮርታ እንኳ አይቀሩም። ሄልሜት ያላደረገና ቀበቶ ያላሰረ አይገባም። ሁላችንም የምንዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በዝግታ ናቸው። ኩርባው ላይ ባንዲራ የያዙ ልጆች ይቆማሉ፤ ቢጫ ሲያውለበልቡ ሁሉም ይቀንሳል፣ መቅደምም የለም፤ ቀይ ከሆነ ሁሉም ያቆማል።»

«ተሽከርክረህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ሁለት ጊዜ» አለኝ፣ ቀለል አድርጎ።

«ምን ደረሰብህ?»

«ምንም። ሜዳ ነዋ! ዞሬ ዞሬ ሣሩ ላይ ቆምኩ።»

ያዘጋጀሁትን ምክር ያስለወጠኝ ይህ መልስ ነው። ልጁ የተረፈው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። የተረፈው ሲሳሳት የሚወድቅበት ባዶ ቦታ ስለተተወለት ነው። የሞተር ስፖርት ዓለም ይህን የተማረው በብዙ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በፈረንሳይ ለ ማን በተካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር አንድ መኪና ከሌላው ጋር ተጋጭቶ ስብርባሪው ወደ ተመልካቹ ተወርውሮ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1986 በፖርቱጋል ራሊ አንድ መኪና መንገዱን ስቶ ዳር ከተሰበሰበው ሕዝብ መሀል ገብቶ ተመልካቾችን ገደለ። በሁለቱም ቦታ የሚነዱት የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ያልነበረው በመኪናውና በሰው መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው።

እንግዲህ ይህን በልባችሁ ይዛችሁ ከእኛ ጋር ወደ አሰላ ውጡ።

የመጀመሪያው ችግር ከአዳማ በፊት ይጀምራል። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ሂያጁና መጪው የተለያየበት፣ እግረኛና ከብት የማይገባበት ነው። አንድ ሰዓት ያህል በዚያ በፍጥነት የነዳ ሰው ዓይኑ ፍጥነቱን ይለምደዋል፤ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የኤሊ ጉዞ ይመስለዋል። ከአዳማ በኋላ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ መጪው ፊት ለፊት ይመጣል፣ ዳር ዳሩንም ሰው፣ አህያና ጋሪ ይሄዳል። በ80 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ከ30 ሜትር በላይ አልፏል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አዳማ ላይ ቁሙ፤ ቡና ጠጡ፤ ዓይናችሁ ከፈጣኑ መንገድ ይውጣ።

አዳማ ላይ ስንቆም ልጁን የሜዳውን ፍተሻ እዚሁ እንዲያደርግ ጠየቅሁት። አልሳቀብኝም። ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ የጎማውን ንፋስ አስለካ፤ የጎማውን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰ። ብዙ አገሮች የጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መንዳትን ይከለክላሉ። ላጭ ጎማ ውሃውን ሰንጥቆ ማስወጣት ስለማይችል በዝናብ ጊዜ መኪናው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም።

ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ሃያ ሊትር ዘይት በጀሪካንና ለእህቴ የገዛሁት ብረት ምጣድ ነበር። ሁለቱንም አውርዶ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ በገመድ አሰራቸው። ምክንያቱን ለአያቶች ልንገራችሁ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም በውስጡ ያለ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ክብደቱ ሃያ እጥፍ ያህል ሆኖ ወደፊት ይወረወራል። አሥር ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሁለት ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ኩንታል በእቅፉ ማስቀረት የሚችል እናትም አያትም የለም። «እኔ አጥብቄ እይዘዋለሁ» የሚለው ፍቅር ነው፤ ጉልበት ግን አይሆንም። ሕፃን በራሱ መቀመጫ ታስሮ፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ። ትልቁም ቢሆን ከኋላ ስለተቀመጠ ቀበቶ አይተው፤ ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ የፊተኛውን ሰው በክብደቱ ይገድላል።

ከዴራ በላይ ዳገቱና ኩርባው ሲጀምር «አሁን ብትንሸራተት ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። ጥሩ አድርጎ አስረዳኝ። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መሪው ዞሮ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሰው እጅ ያን ጊዜ መሪውን ይበልጥ መጠምዘዝ ይፈልጋል። ትክክለኛው ግን እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ አድርጎ ማንሳትና ጎማው አስፋልቱን መልሶ እስኪይዝ መሪውን ጥቂት መመለስ ነው። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ደግሞ የመኪናው ጭራ ወደ ጎን ይወጣል። ያን ጊዜ ዓይን መሄድ ወደሚፈለግበት ይይ፤ መሪውም በለስላሳ እጅ ወደዚያው ይዙር፤ ፍሬን በድንጋጤ አይረገጥ። መኪናው ፈጽሞ ከዞረ ግን ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ላይ ረግጦ መያዝ ነው።

«ይህን ሁሉ ለማድረግ ስንት ሜትር ያስፈልግሃል?» አልኩት። ዝም ብሎ ወደ ቦዩ አየ። ከዚያ «እዚህማ አይበቃኝም» አለ። መልሱ ትክክል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ጥበቡ ያለው ከኩርባው በፊት ነው፤ መንገዱ ቀጥ ባለበት ፍሬን ይዞ መቀነስ፣ ማርሽ መቀነስ፣ ከዚያ በቀስታ መግባት። ኩርባው ውስጥ ገብቶ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ጎማውን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እያዘዘው ነው፤ ጎማው ደግሞ አንዱን ይተዋል።

ኢተያን አልፋችሁ ወደ አሰላ ስትቃረቡ ኩሉምሳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከል እዚያ ነው፤ አካባቢው የስንዴ አገር ነው። በአጨዳ ወራት ኮምባይነሮች አስፋልቱን ሞልተው በዝግታ ይሄዳሉ። በእርሻ ወራት ደግሞ የትራክተር ጎማ ከማሳው ያወጣው ጭቃ መንገዱ ላይ ይቀራል፤ ዝናብ ሲነካው ከሳሙና አይተናነስም። ከረጅም ደረቅ ወቅት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብም እንዲሁ ነው፤ አስፋልቱ ላይ የተከማቸውን ዘይትና አቧራ ስለሚያቀልጠው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉ የከፉ ናቸው። በሜዳው ቢጫ ባንዲራ የሚያውለበልብ ልጅ አለ። እዚህ ግን ባንዲራው ራሱ ጭቃው ነው፤ ያላየው ያልፈዋል።

አሰላ ከተማ ውስጥ ባጃጁ፣ ጋሪውና ተማሪው እኩል መንገድ ይጋራሉ። ከአሰላ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ሌላ 55 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳል። እዚህ ብዙ ወጣት ሹፌር የማያስበው ነገር አለ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቆላ ላይ በአጭር ርቀት አይሱዙ የሚቀድም መኪና እዚህ ረጅም ርቀት ይፈልጋል፤ ጭጋግ ካለ ደግሞ መጪው አይታይም። የማታዩትን መንገድ አትበደሩት።

በቆጂ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አገር ናት። ማለዳ በዚህ መንገድ ዳር የሚሮጡ ልጆች ዛሬም አሉ። እነዚህ ልጆች ለሹፌሩ ስህተት የተተወው ቦታ ላይ ነው የሚሮጡት። የአንዱ ልጅ ፍጥነት የሌላዋን ልጅ ሕልም እንዳይበላ፣ ሯጭ ስታዩ ቀንሱ፣ ራቅ ብላችሁም እለፉ።

ስትመለሱ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትውረዱ። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን በጣም ሲግል ፔዳሉ እየላላ ይሄዳል፣ የመቃጠል ሽታም ይመጣል። ያን ጊዜ ቦታ ፈልጎ ቆሞ ማቀዝቀዝ እንጂ «አዳማ ደርሼ አሳየዋለሁ» ማለት አያዋጣም። በሜዳው ልጆቹ የመጨረሻውን ዙር በዝግታ የሚዞሩት ለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አደጋ ቢያጋጥማችሁ የነርስ ቃሌን ያዙ። ከሁሉ በፊት ሌላ መኪና እንዳይደርብባችሁ ከኩርባው በፊት ምልክት ይቀመጥ፤ ድንጋይ ካስቀመጣችሁ ስትሄዱ አንሱት። ሞተሩን አጥፉ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ፤ እየገለጣችሁ አትዩ። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለ የተጎዳውን በክንዱ ጎትታችሁ አታውጡ፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሞተር ሳይክል ነጂ ሄልሜት መተንፈስ ካልከለከለው አይነሳ። ውሃ አታጠጡ። የአርሲ ብርድ ለደከመ ሰው ጠላት ነውና በጋቢ ሸፍኑት። «ደህና ነኝ» ብሎ የተነሳውንም ወጣት አትልቀቁት፤ ሆዱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ፍጥነት የሚወድ ከሆነ «አይሆንም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የተከለከለው ፍጥነት ሌሊት አውራ መንገድ ላይ ይወጣል። ይልቅ ሄዳችሁ ሜዳውን እዩ። መኪና ይፈተሻል ወይ? ሄልሜት አለ ወይ? ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ ወይ? ከኩርባው ውጭ በኩል ዛፍ፣ ገደል ወይም ተመልካች አለ ወይ? አምቡላንስ ወይም የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ሰው ቆሟል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ያ ሜዳ ሳይሆን ሌላ መንገድ ነው፤ ልጃችሁን መልሱ።

በቆጂ እንደደረስን ለእህቴ ደወልኩላት። «ያ ሜዳ በሥርዓቱ እስከተያዘ ድረስ እሁድ እሁድ ተኚ» አልኳት። «ወደ አሰላ ሲመጣ ግን ደውይለት፤ ጎማውን አይቶ፣ ዕቃውን አስሮ እንደሆነ ጠይቂው። የምትደውዪው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ነው። እየነዳ ሳለ እንዳትደውይለት።»